የሰኔ ፀሐይ በበርበሬ ግቢያችን ላይ

ያ ሥዕል ትዝ ባለኝ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ገና ሊሠራ የታሰበ ባለስምንት ፎቅ ሕንፃ፣ ከኋላው እናቴና ሌሎች ሴቶች በርበሬ የሚያሰጡበት ግቢ፣ ከላይ ደግሞ ታጥቦ የተሰጣ የሚመስል ሰማያዊ ሰማይ። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ፀሐይ ይሞቃል። ሸራው ላይ ያለው በርበሬ ሳይቀር ቀልቶ ያበራል። ሲያዩት ያምራል። ውሸት ነው።

ሥዕሉን በኮምፒውተር የሠራው እኔ በማጸዳበት ቢሮ ያለ ዲዛይነር ነው። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ እዚያ ወለል እወለውላለሁ፣ ሻይ አቀርባለሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልም፣ ድምፄ ይጠፋል። ለዚህ ይመስለኛል ዲዛይነሩ እንደ ግድግዳ ቆጥሮ የልቡን ሁሉ ያወራኝ የነበረው።

«ፀሐይዋን የማወጣት እኔ ነኝ» ይለኛል እየጎረረ። እውነቱን ነው። ከተማውን፣ ወሩንና ሰዓቱን ሲጽፍ ፀሐይዋ በዚያ ቀን በምትቆምበት ቦታ ትቆማለች፤ ጥላውም ተከትሏት ይዞራል። ለሰማዩ አቧራ ሳይቀር ቁጥር አለው፤ ሲጨምረው ሰማዩ ዳር ዳሩን ይነጣል፣ ሲቀንሰው ይጠራል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ወለሉን ትቼ ቆሜ አይ ነበር።

አንድ ቀን የእኛን ግቢ ሲሠራ ደረስኩ። አቧራውን ዜሮ አደረገው። መርካቶ ላይ! በሆዴ ሳቅኩ። ጥላውን ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። ሕንፃው የሚቆመው ከግቢያችን በስተደቡብ ነው። በርበሬ የሚሰጣው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ያን ጊዜ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብልና ጥላ ሁሉ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከአጥር ጥላ እየሸሸሁ ሸራ ስጎትት ነው ያደግኩት፣ ይሄን ማንም አያስተምረኝም። ሥዕሉ ላይ ግን ጥላው ወደ መንገዱ፣ ወደ ደቡብ ተኝቷል።

«ጥላው ለምን ወዲያ ሄደ?» አልኩት።

«ሰኔ ላይ ስላደረግኳት ነዋ። ታኅሣሥ ላይማ ግቢው ይጨልማል። እዪ።» በፈረንጅ አቆጣጠር ስድስት የነበረውን የወሩን ቁጥር አሥራ ሁለት አደረገው። ጥላው ዞሮ ግቢውን እንዳለ ዋጠው። ሰዓቱን ከጠዋት እስከ ማታ ገፋው፤ ጥላው አልለቀቀም። «ባለሕንፃው ይሄን ቢያይ ያብዳል» ብሎ ሳቀና ወደ ሰኔ መለሳት።

ያውቅ ነበር። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ተሳስቶ ቢሆን ዝም ብዬ አልፈው ነበር።

እኔስ? ሦስት ሳምንት አፌን ዘጋሁ። ሥራዬን ፈርቼ ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ከዚያ ባለሕንፃው የግቢያችንን ሴቶች ወደዚያው ቢሮ ጠራቸው። በግንባታው ቅሬታ የለንም ብለው እንዲፈርሙ ነው። ሥዕሉ በትልቁ ስክሪን ተከፈተ።

«እትዬ፣ ይመልከቱ» አላት ባለሕንፃው ለእናቴ። «ጥላ የሚባል ነገር አይነካችሁም።»

እናቴ ማንበብ አትችልም። ሥዕሉን ግን በጣቷ እያሳየች «ያቺ ጥግ የኔ ቦታ እኮ ናት!» አለችና እንደ ሕፃን ፈገግ አለች። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀበለች።

የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር።

«ይቺ ፀሐይ የሰኔ ናት» አልኩ።

ባለሕንፃው ዞሮ አየኝ። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«ጽዳቷ ናት ጋሼ፣ አይስሟት» አለ ዲዛይነሩ።

ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠዋ ብድግ አለች። «ቆይ፣ የሰኔ ነው ያለችው? ወላሂ፣ በሰኔ በርበሬ የሚያሰጣው ማነው? እንቁራሪት?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። «በል እንጂ፣ ታኅሣሥን አምጣት!» አሉት ዲዛይነሩን።

«ኮምፒውተሩ አሁን አይቀይርም» አለ፣ እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ።

ውሸቱን ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ትሪውን አስቀመጥኩና በአጠገቡ ገብቼ ስድስትን አጥፍቼ አሥራ ሁለት ጻፍኩ። ጥላው ዞረ። የእናቴ ጥግ ጠቆረ።

ሳቁ ቆመ። እናቴ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ማንም ሳይፈርም ተነስተው ወጡ።

«በገዛ እጅሽ እንጀራሽን ዘጋሽ» አለኝ ዲዛይነሩ፣ የቢሮውን ቁልፍ እየተቀበለኝ። «የእናቴ እንጀራስ?» ልለው ይገባ ነበር። እንደ ልማዴ መልሱ የመጣልኝ ደረጃው ላይ ነው።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ታቅፈኛለች ብዬ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

ነጠላዋን አጣፋችና ከፊቴ ቀደመች። ግቢያችን ያለበት በርበሬ በረንዳ እስክንደርስ ዞር ብላ አላየችኝም። እያወቅኩ ዝም በማለቴ ተናዳ ነበር፤ ልክ ነበረች።