የአውቶቡሱ እድር

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ የምትተዳደረው ትርሲት ከጧቱ አውቶቡስ በቀር ሥራ መሄጃ የላትም። ከላይ ከመንግሥት በጀት ተቆረጠ ተብሎ እሱም ከማታው ጋር ሊቋረጥ ሆነ። አውቶቡሱ ከቀረ የጧት ሺፍቷ አበቃለት፤ የከሰዓት ብትገባ ደግሞ ልጇን ሚስጥርን ከትምህርት ቤት የሚያመጣላት የለም።

ሰው ሰብስባ አውቶቡሱን ለሚያስተዳድረው ቦርድ አቤት ለማለት አሰበች። እንድታግዛቸውም የተቃዋሚውን ፓርቲ ቀስቃሽ፣ እዚሁ የተወለደችውን ዲናን ጋበዘች። ጎረቤቶቿ ግን ፓርቲ ሲባል በር ይዘጋሉ። ስለዚህ "የእድር ስብሰባ አለ" ብላ ቴክስት አደረገችላቸው። ለእድር ማን ይቀራል? የሕንፃው አዳራሽ ሞላ።

"ማን ሞተ?" አለ ታክሲ ነጂው መስፍን፣ ገና ከበሩ።

"አውቶቡሱ።"

ሳቁ ሳያባራ ዲና ተነሣች። "ስደተኛ ይውጣ የሚለውን ሰውዬ የመረጡት ናቸው ለዚህ ያበቁን፤ ጥላቻ አሳውሯቸው!"

ከመረጡት አንዱ መስፍን ነበር። "እኔን ነው ዕውር የምትዪኝ? ኑሮ ሲያንገበግበኝ ስለ ኑሮ ያወራልኝ እሱ ብቻ ነበር። እናንተስ እሱን ከመስደብ ሌላ ምን አላችሁ?" ወደ ትርሲት ዞረ። "አንቺስ በእድር ስም ፖለቲካ? ደንቡን አጥተሽው ነው?"

ሊወጣ ሲነሣ ሾፌር ጓደኞቹም ተነሡ። እነሱ ከሄዱ ሌላውም ተከትሎ እንደሚወጣ፣ ቦርዱ ፊት የሚቆምም እንደማይኖር ትርሲት ገባት።

"አጥፍቻለሁ" አለች። "ቅጡኝ።"

እድርተኛ ቅጡኝ ያለን ሰው ጥሎ አይወጣም። መስፍን እያጉረመረመ ተቀመጠ። "እሺ፤ ቅጣትሽ፣ ሁላችንም ተናግረን እስክንጨርስ እንግዳሽ ቃል እንዳትተነፍስ።"

"ዋት?" አለች ዲና።

"ዝም በይ የኔ ልጅ፣ ቅጣቱ ተጀምሯል" አሉ አንዲት እናት።

ስለ ኪራይ፣ ስለ ሐኪም፣ ስለ አውቶቡሱ ተወራ። ዲና መጀመሪያ ስልኳን ስትነካካ ቆየች፤ በኋላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቦርዱ ፊት ቆሞ የተናገረው መስፍን ነው። ዲናም አብራ ሄዳ ያን የተመረጠውን ሰውዬ በስሙ እንኳ አላነሣችም፤ ለአውቶቡሱ ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ ብቻ አስረዳች።

የማታው መስመር ተቋረጠ፤ የጧቱ ግን ተረፈ። ትርሲት ሺፍቷን ሳትለቅ ሚስጥርን ራሷ ታመጣለች፤ የማታ ሠራተኞቹን ለጊዜው መስፍን ያደርሳቸዋል። በሚቀጥለው ምርጫ ማንን እንደሚመርጥ ሲጠየቅ "እናያለን" ይላል። አምና መልሱ እንዲህ አልነበረም።