ሚኒሞ ላይ የተቀመጠ ልብ

ቡሬ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ሰሞኑን የሚለኝ አንድ ነገር ነው። "አያ፣ እግዜር እንዴት ያለ ትዕግሥት ሰጠዎ!" ይለኛል። ውስጤ ይቆጣል ልል ነበር፤ አይቆጣም። መቆጣት አቅቶታል። ትዕግሥቱን የሰጠኝ ጠዋት ጠዋት በውሃ የምውጠው፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ነጭ ክኒን ነው። ሰው ክኒን ውጦ "ጻድቅ ሆነ" ሲባል ከመስማት የበለጠ የሚያቅለሸልሽ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።

እኔ ማን እንደነበርኩ ለማያውቅ ልንገር። ፊደል የቆጠርኩት የቄስ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ቆሜ፣ ሌሎቹ ሲማሩ በጆሮዬ ሰርቄ ነው። ሞተር ያስተማረኝ ሰው ደግሞ ጭራሽ የለም። በጉብዝናዬ ዘመን አንድ ነጋዴ ቡሬ ላይ የተከለው የእህል ወፍጮ ተበላሽቶ፣ ከባሕር ዳር የመጣው መካኒክ "ይኼ አልቆለታል" ብሎ ትቶት ሲሄድ፣ ሞተሩን ፈታሁና ብሎኑን በየተራው ገበታ ላይ ደርድሬ መልሼ ገጠምኩት። ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ከሽንዲ እስከ ፍኖተ ሰላም ጆሮዬን ያላስጠጋሁበት የወፍጮ ሞተር አልነበረም። ደጅ ቆሜ ድምፁን ብቻ ሰምቼ ሕመሙን እናገር ነበር።

በሽምግልናም ቢሆን ስሜ የታወቀ ነው። ሌሎች ሽማግሌዎች አንዲት ነገር ሲያላምጡ ይውላሉ። እኔ ግን አንዴ ከተነሣሁ ለሽምግልና የምንቀመጥበት ዋንዛ ቅጠሉ ይረግፋል ይባልልኝ ነበር። ድንበር የገፋ ሰው እኔ እንደምመጣ ሲሰማ፣ ሳልደርስ ድንጋዩን ወደ ቦታው ይመልሳል። ይኼ ጉራ አይደለም፤ የመለሱት ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

ሕመሙ የጀመረኝ ዐቀበት ላይ ነው። የወፍጮ ቺንጊያ፣ ያን ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያያይዘውን የጎማ ቀበቶ፣ በትከሻዬ አንግቼ ስወጣ ደረቴን አንድ ነገር ረገጠኝ። ችላ አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲረግጠኝ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰዱኝ። የኮሪደሩ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ የበረኪና፣ የሽንትና የቆየ ወጥ ድብልቅ ነው። እዚያ አግዳሚ ላይ ስቀመጥ ራሴን እንደተጣለ ዕቃ ቆጠርኩት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። መርምራኝ ስታበቃ፣ "አባባ፣ ለልብዎ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ጠበዋል። እሱ ደግሞ ይሮጣል። ይኼ መድኃኒት ሩጫውን ይቀንስለታል፤ ቤታ ብሎከር ይባላል" አለችኝ።

"ሚኒሞዬን ዝቅ ልታደርጊው ነው በይኛ።"

"ሚኒሞ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሞተር ሥራ ሳይዝ እንዲያው ተነሥቶ ሲቆም የሚዞርበት ፍጥነት ነዋ! ይኼን ሳታውቂ ነው ሰው የምትጠግኝ?"

ሳቀች። "እሺ፣ እንደዚያ ይያዙት። አንድ አደራ ግን አለኝ፤ ተሻለኝ ብለው በአንድ ጊዜ እንዳያቆሙት። የሚቆም ከሆነም ቀስ በቀስ ነው፣ እሱንም እኛው ስናዝዝ።"

"ሞተር ማዘግየትና ማፍጠን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?" ብያት ወጣሁ።

መድኃኒቱ ሥራውን ሠራ፤ ይኼን አልክድም። ደረቴን የሚረግጠው ነገር ተወኝ። ዳሩ ግን ሌላውንም ሁሉ ይዞት ሄደ። እጄና እግሬ ቀዘቀዙ። ቀትር ላይ፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ሲሮጥ፣ እኔ ሁለት ካልሲ ደርቤ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ። ለቅሶ ቤት አንዲት ሴትዮ ጨብጣኝ እጇን በነጠላዋ ስትጠርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ካጎነበስኩበት ቀና ስል ምድር ትዞርብኛለች። ዐቀበቱ ደረቴን መርገጥ ቢተውም ጉልበቴ እንደራሰ ገመድ ይልፈሰፈሳል። ሕልሜ እንኳ ተበላሸ፤ እህል የሌለበት ወፍጮ ባዶውን ሲፈጭ አያለሁ፣ ድንጋይ ድንጋይን ሲበላ። የልብ ትርታዬን አንጓዬ ላይ በጣቴ ስፈልገው፣ አንዱ ከመጣ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ሰው ጸሎት ይጀምራል። ይቀፈኛል። የራሴ ገላ የሌላ ሰው ሆኖ ይቀፈኛል።

ይኼን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የእኅቴን ነገር ነው።

ታናሽ እኅቴ ባሏ ሞቶባት ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ብቻዋን ጎጆ ይዛ ትኖራለች። ከመሬቷ ሁሉ ደህናዋ ወንዙን ተጠግታ ያለችው የበርበሬ ማሳ ናት፤ ጨውም ልብስም የሚወጣው ከእሷ ነው። አምና ክረምት ጎረቤቷ የድንበር ድንጋዩን ነቅሎ ወደ እሷ አሻገረና ግማሿን ማሳ ደርቦ አረሳት። የመሬት ደብተሯ ስፋቱን ይናገራል እንጂ ድንጋይ ከየትኛው ጉድጓድ እንደተነቀለ አይናገርም። ስለዚህ ነገሩ ለሽማግሌ ቀረበ። እኅቴ፣ "ወንድሜ ይመጣል" ብላ በየቤቱ አስወርታ ኖሯል። እኔን ተማምና ምስክር እንኳ አልፈለገችም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋንዛው ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት፣ ጎረቤትየው በግራ፣ እኔና እኅቴ በቀኝ። ነገሬን አቀረብኩ። ቃሉ አልጎደለብኝም፤ ነገር ግን ከአፌ ሲወጣ እንደ ቀዘቀዘ ገንፎ ነበር። ሰውየው ከጨረስኩ በኋላ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ።

"ጌቶቼ፣ የእነዚህ ሰዎች አባት በሬ ኖሮት ያውቃል? የሰው በሬ ለምኖ ያረሰ ሰው ምን ድንበር አለውና ነው ልጆቹ ድንበር የሚቆጥሩት?"

አባታችን! ጠላቱ እንኳ ሲያልፍ ከተቀመጠበት የሚነሣለት ሰው! ዱሮ ቢሆን ይቺ ቃል ሳታልቅ ዱላዬ ከመሬት በተነሣ፣ ድምፄ ወንዙን በተሻገረ። ልቤን ጠበቅኩት። ድብ... አለ። ቆየ። ድብ... አለ። ውሃ እንደገባበት ናፍጣ፣ ምንም አልተቀጣጠለም። እዚያ እንደ ዱባ ተቀምጬ አባቴ ሲሰደብ ሰማሁ።

ይባስ ብለው ሽማግሌዎቹ አመሰገኑኝ። "አያችሁ? ጨዋ ማለት ይኼ ነው! ተሰድቦ ዝም አለ" አሉና፣ እኔ የሰላም ሰው በመሆኔ ማሳዋ እኩል ብትከፈል ምን ይለናል ብለው ጠየቁ። እኅቴ "አልቀበልም" አለች። ቀጠሮ ለሚመጣው እሑድ ሆነ።

እስከ መንገዱ ሸኘችኝ።

"ጋሼ፣ አባታችንን ያለውን ሰምተውታል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እኔ እኮ ጆሮዎ የደከመ መስሎኝ ነበር።"

"ጆሮዬ ደህና ነው።"

"እንግዲያስ ምን ነካዎ? እኔ ያለ እርስዎ ማን አለኝ?" ብላ እጄን ያዘችና ወዲያው ለቀቀችው። "ውይ! ይኼ የሰው እጅ ነው? ወንድሜን ምን አደረጉት እነዚህ ሐኪሞች?"

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ቡሬ እስክደርስ ያ "ውይ" ጆሮዬ ላይ ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ክኒኑን አልዋጥኩም። የሞተር ሰው ነኝ፤ ሚኒሞውን ማን እንዳወረደው ካወቅኩ ማውጣቱ ይከብደኛል? የሐኪሟ አደራ ትዝ ብሎኛል፤ ለማያውቅ ሰው የተነገረ ነው ብዬ አለፍኩት።

መጀመሪያ ላይ እንዴት ያለ ነገር ነበር! እጄ ሞቀ። ካልሲውን አውልቄ ወረወርኩት። አንድ የባጃጅ ነጂ ጭቃ ሲረጭብኝ እስከ አያቱ አወረድኩለትና ልጁ ፈርቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። በደስታ ቤቴ እስክገባ ሳቅኩ። ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ልቤ ተቀምጬም ይጋልብ ጀመር። ሞተር ብዙ ጊዜ ቆሞ ሲነሣ እንዲህ ያደርገዋል ብዬ ዝም አልኩ።

እሑድ ዋንዛው ሥር ተነሣሁ። የዚያን ዕለት ንግግሬን የሰማ ሌላ ንግግር መስማት አያምረውም። አባቴን ከመቃብሩ አስነሥቼ በሬዎቹን በየስማቸው ጠርቼ አቆምኳቸው። የተነቀለውን ድንጋይ አናገርኩት። የሰውየውን አያት ድንበር ማን እንደሰጠው፣ በማን ምሕረት እዚያ ሰፈር እንደገባ ዘረገፍኩለት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እኅቴ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ይኼን አይቻለሁ።

ከዚያ ያ ነገር ደረቴን ረገጠኝ። በእግሩ ሳይሆን በዳሌው የተቀመጠብኝ መሰለኝ። ግራ ክንዴና መንገጭላዬ ታሰሩ። ላብ አጠመቀኝ፤ ዋንዛውን ተደግፌ ሽማግሌዎቹ እግር ሥር አስመለስኩና ወደቅሁ። ከዚያ ንግግር በኋላ፣ የበላሁት ሽሮ በነጭ ጋቢዬ ላይ! ከሕመሙ ይልቅ የማልረሳው ይኼን ነው። በቃሬዛ እስከ መንገድ፣ በባጃጅ እስከ ቡሬ፣ በአምቡላንስ እስከ ፍኖተ ሰላም አደረሱኝ።

ሐኪሟ ገና ስታየኝ፣ "አቆሙት አይደል?" አለች።

ክንዴን ይዛ ትርታዬን ቆጠረች።

"አባባ፣ ታስሮ የከረመ ወይፈን ገመዱን በአንዴ ቢበጥሱለት ቀስ ብሎ ይሄዳል? ልብዎም እንደዚያው ነው። ለጥቂት ነው የተረፉት።"

ልክ ነበረች። ከወይፈን ጋር መመሳሰሌም፣ ልክ መሆኗም አስጠላኝ። ክኒኑን እዚያው አፌ ውስጥ ጨመረችልኝ።

ትንሽ ሻል ሲለኝ ጎረቤትየው ከሽማግሌዎቹ አንዱን አስከትሎ አልጋዬ ድረስ መጣ። ጋቢውን አገልድሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አያ፣ እግዜር ይማርዎ። በእናትዎ እንዳይሞቱብኝ። ድንጋዩን መልሻለሁ።"

በአገራችን ሰው ጠብ ላይ ወድቆ ከሞተ ዘመዶቹ "በበሽታ ሞተ" ብለው አይተዉትም፤ ደሙን ከተጣላው ሰው ይፈልጉታል። ሰውየው ያን ፈርቶ ነው። እኅቴ ራስጌዬ ተቀምጣ ነበር።

"የቱ ጉድጓድ ውስጥ ነው የመለስከው?" አለችው።

"በዱሮው እትዬ፣ በዱሮው።"

"ድንጋዩን አይቼ ስመጣ፣ መሞት አለመሞቱን ያኔ እነግርሃለሁ።"

ሳቅ መጣብኝ፤ ደረቴ ግን አልፈቀደልኝም። እኔ ሌላ ነገር ነበር መስማት የፈለግኩት። "ንገረኝ እስቲ፣ ከተናገርኩት የትኛው ነው ልብህ የገባው? የአባቴ በሬዎች ነገር ነው?" አልኩት።

"ኧረ አያ፣ ምኑን ሰምቼው? እኔ ያየሁት ፊትዎ ሲጠቁር ነው።"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ያን የመሰለ ንግግር! ሰውየው ያደመጠው ትውከቴን ነው። ያሸነፍኩት በአንደበቴ መስሎኝ ነበር፤ እሱ የፈራው ሬሳዬን ነው።

አሁን ያለሁት እንዲህ ነው። እጄ በርዷል፣ ካልሲው ተመልሷል፣ ሚኒሞዬ ዝቅ ብሏል። ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ግን ጠዋት ጠዋት የሚደወልልኝ ስልክ ነው። የሚደውለው ጎረቤትየው ነው። "አያ፣ ዋጡ?" ይለኛል። እኔ ከሞትኩ ሰበቡ በእሱ ላይ እንደሚወድቅ እኅቴ ለዘመድ ሁሉ ነግራ አስፈራርታዋለች። ባለፈው ሳምንት እሷ ዘንድ አድሬ ማሳዋን ልይ ብዬ ስወጣ፣ ሰውየው በቅል ውሃ ይዞ ድንጋዩ አጠገብ ጠበቀኝ። እኅቴ ከደጇ ቆማ ሁለታችንንም ታያለች። ክኒኑን ከኪሴ አውጥቼ ምላሴ ላይ አኖርኩት። ከምላሴ የማይለቅ መራራ ነው። በጠላቴ ውሃ ዋጥኩት።

"እግዜር ትዕግሥቱን ይጨምርልዎ" አለኝ።

ድንጋዩን በእግሬ ገፋ ገፋ አደረግኩት። አልተነቃነቀም፤ በዱሮው ጉድጓዱ ጠብቋል። በርበሬው እስከ እሱ ድረስ ቀልቷል። ሰው ምንም ይበል፣ ያን ድንጋይ ያስመለስኩት እኔ ነኝ።