መሪውን ልቀበልህ?

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ካለው አፓርትመንቴ ፊት ለፊት ያለውን ትልቅ ሐይቅ በመስኮት ሳይ ከርሜ፣ በነፋስ የሚሄድ ባለ ሸራ ጀልባ መንዳት ልማር ብዬ ተመዘገብኩ። ወደ ውቅያኖስ ለመውጣት ከመፈቀዱ በፊት ግን የሐይቁን ዳርቻ ተከትሎ ረጅም የልምምድ ጉዞ ማድረግ ግድ ነበር። ከቶሮንቶ ተነስተን የሐይቁ ሌላ ጫፍ ላይ ወዳለችው ኪንግስተን የብዙ ቀን ጉዞ የጀመርነው ፈረንጁ አሰልጣኜና እኔ ብቻ ነን።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት መሪውን አስያዘኝ። ነፋሱ ከፊት ስለሚመታን ጀልባዋ አልታዘዝ አለች። እኩለ ቀን ላይ ክንዴ ዝሎ፣ ካልሲዬ በውሃ ርሶ ሳለ አሰልጣኙ ብቅ አለና «ደከመህ? መሪውን ልቀበልህ?» አለኝ።

«ኧረ ምንም አልደከመኝም!»

ይሄ እኮ እኛ ዘንድ መልስ አይደለም። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ስድ አደግ ነው፤ «በሞቴ» እስኪባል ይጠበቃል። እሱ ግን «ጎበዝ!» ብሎኝ ወደ ጀልባዋ ታችኛ ክፍል ወረደና ተኛ።

ተኛ! ጠርቼ እንዳልቀሰቅሰው ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ። እያረርኩ እስኪመሽ ነዳሁ።

የምናድርበት ወደብ ስንደርስ ጣቶቼ አልዘረጋ አሉ። አሰልጣኙ የልምምድ ደብተሬ ላይ «ድካም አያውቅም» ብሎ ፈረመልኝ። ደስ ሊያሰኘኝ ብሎም «ነገ ጉዟችንን ስንቀጥል ቀኑን ሙሉ መሪው ያንተ ነው» አለኝ።

«አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩት፤ ያን ቀን ከልቤ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው።

ሰውዬው ልመና የጀመረው ያኔ ነው። ሦስት ጊዜ ለመነኝ። ሦስት ጊዜ ተለምኖ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው።