ደረጃውን ያልነገርኩት ሐኪም

ሥራዬ የልብ አልትራሳውንድ ማንሣት ነው። ዛሬ አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ምን እንደሚሰማቸው ስጠይቃቸው "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉኝ። ቀዝቃዛውን ጄል ደረታቸው ላይ ስቀባ፣ በአሥር ዓመቴ የዋሸሁት ውሸት ትዝ አለኝ።

ያኔ አባዬ ዕብራይስጥ ስለማያውቁ፣ እዚሁ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ ሐኪም ዘንድ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታችን እስኪደርሱ በየፎቁ እየቆሙ ትንፋሻቸውን ይሰበስቡ ነበር፤ የሚተኙትም ትራስ ተደግፈው፣ ተቀምጠው ነው። ሐኪሙ "ምን ያመዋል?" አለኝ።

"ደህና ነኝ ይልሃል በይው" አሉ አባዬ።

"ደረጃውስ አባዬ?"

"ገመናችንን ባዕድ ፊት አታውጪ!"

"ሀኮል በሴዴር፣ ሁሉም ደህና ነው" አልኩት። እሱም፣ እጁ ይባረክ፣ ማዳመጫውን ከአንገቱ እንኳ ሳያወርድ ሸኘን።

ከሁለት ክረምት በኋላ ሌላ ሐኪም ደረታቸውን ሲያዳምጥ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ሰማ። በልጅነታቸው የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም ደም የሚያሳልፈውን የልባቸውን ቫልቭ አጥብቦት ኖሯል፤ ያን ጊዜ ግን ቀዶ ሕክምናውን የሚችል አቅም አልቀራቸውም። ይህንንም የተረጎምኩላቸው እኔው ነኝ።

አባዬ በሩን አዩና "ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው ይሰማል" አሉኝ።

ዛሬ እስክሪኑ ላይ የሽማግሌው ቫልቭ እንደ ዛገ በር በጭንቅ ይከፈታል። ልጅቱ ጠጋ ብላ በዕብራይስጥ "አያቴ ተቀምጠው ነው የሚተኙት" አለችኝ።

"ምን አለችሽ?" አሉ ሽማግሌው።

"ምንም፣ አባባ" አልኳቸውና ቃሏን ለሐኪሙ በሚሄደው ወረቀት ላይ ጻፍኩት።