የኳስ ወሬ ከቆሰበር

ትንሹ አጎትህ፣ የኔ የመጨረሻው ልጅ፣ ከፈረስ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ጊዜ ነው። በጥር፣ ለጨዋታ ሲጋልቡ። ወጌሻው በቀርከሃ አሰረው፣ መደቡ ላይ ተኛ። ሰው ሲጠይቀው አያወራ፣ እህል ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ከኔ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የዚያን የሚወደውን የኳስ ቡድን ወሬ። እኛ ሰፈር ኔትዎርክ የለም፣ ስልኩ ለመብራት ብቻ ነበር።

እና እኔ በገበያ ቀን ድንቼን ተሸክሜ ቆሰበር ከተማ እሄዳለሁ። ድንቹ ሲያልቅ ኮምፒውተር ቤት እገባለሁ። ባለቤቱ ለምዶኛል፤ ኔትዎርኩ ጠፍቷል፣ አረፍ ይበሉ እማማ፣ ይለኛል። ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ። ሲመጣ ከኢንተርኔት ያለውን ወሬ ሁሉ ፈልጎ በወረቀት ያወጣልኛል። መብራት የሄደ ቀን ባዶ እጄን ነው የምመለስ። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ጉልበቴ፣ ምኑን ልንገርህ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ጉያዬ እከተዋለሁ፣ እኔ ብበሰብስ ግድ የለም።

ቤት ስገባ ዱቄት በውሃ አፍልቼ፣ ተኝቶ እንዲያየው ግድግዳው ላይ እለጥፍለታለሁ። የድሮውም እንዲነሳ አይወድ፣ በላይ በላዩ ይጠራቀማል። ፊደል አላውቅ፤ ላይና ታቹን የምለይ በሥዕሉ ነው። የሰውየው ራስ ወደ ላይ ከሆነ ደህና ነው። ሥዕል የሌለውን ግን እንደመጣልኝ ለጠፍኩት።

ክረምት ገባ። ወጌሻው ቀርከሃውን ከፈታለት ቆይቷል። አጥንቱ ገጥሟል፣ እሱ ነው የማይነሳ፣ ብሎኛል። ብትር ይዘህ ሞክር ስንለው እምቢ አለ፤ ፈርቶ ነው። እንዲህ ተኝቶ ሊቀርብኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቀን ተማሪዋ ጎረቤታችን ልትጠይቀው መጥታ ግድግዳውን ስታይ ሳቀች።

«እትዬ፣ ይሄ ሥዕል የሌለው ሁሉ እኮ ተዘቅዝቋል። እንዴት ነው የሚያነበው?»

ለካ ለዚያ ኖሯል አንገቱን ሲጠመዝዝ የከረመ። እኔ በሽታ መስሎኝ ቅቤ ሳሸው ነበር።

ምነው አልነገርከኝም ብዬ ብጠይቀው፣ «እማ፣ በዚያ ዝናብ አምጥተሽልኝ፣ ገና ሳትቀመጪ ዘቅዝቀሽዋል ልበልሽ?» አለኝ።

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ድካሜ ሁሉ ያን ጊዜ መጣ። ሲያዝንልኝ ኖሯል፤ ግን እኔ በጭቃው ስመላለስ እሱ ተኝቶ።

«እንግዲህ ደክሞኛል» አልኩት። «እግርህ ድኗል። ወሬውን ከፈለግህ ራስህ ሂደህ አምጣ።»

ከዚያ ወዲያ ገበያ ስሄድ ኮምፒውተር ቤቱን አልፌው እመለስ ጀመር። ባዶ እጄን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። አንጀቴ እየባባ ስንት ጊዜ ኮምፒውተር ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሂጄ ተመልሻለሁ።

አንድ የገበያ ማለዳ ድንቹን ከጆንያ ስከት፣ ብትር ይዞ ግድግዳ ግድግዳውን ወጣ። ላቡ ይወርዳል። ጆንያውን ተውኩት። ደግፌ አስፋልቱ ድረስ አደረስኩት፣ ባጃጅ መጣ። ነይ ግቢ አለኝ።

«ሂድ፣ እኔ አልሄድም።»

«ድንቹስ?»

«ድንቹ ይቅር።»

ባጃጁ ሲሄድ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኝ ነበር መሰለኝ። ግን ለመነሳት አቅም አጣሁ፤ ፀሐይ እስኪጠነክር እዚያው ቆየሁ።