አንድ ኪሎ ማር በሊትር ጠርሙስ

ከእናቷ ጋር ከተለያየን ወዲህ ልጄ አዲስ አበባ ከእናቷ ጋር ቀረች፤ እኔን ምደባ ቴፒ ጣለኝ፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የምንገናኘው በስልክ ብቻ ነው። ስደውልላት «ደህና ነኝ አባዬ» ትላለች። የምለው ሲጠፋኝ ስለ ዝናቡ አወራላታለሁ። እዚህ ደግሞ የዝናብ ወሬ አይጠፋም።

አንድ ቀን የአካባቢውን የጌጫ ማር አንድ ኪሎ አስመዝኜ፣ በሊትር የውሃ ጠርሙስ አስገብቼ፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ አውቶቡስ ረዳት ሰጠሁላት። በማግስቱ ራሷ ደወለች። ደውላልኝ ስለማታውቅ ደነገጥኩ።

«አባዬ፣ ረዳቱ ማሩን ቀንሶታል። አንድ ኪሎ አላልከኝም? ጠርሙሱ እኮ አልሞላም።»

አዲስ አበባ በሰፈራችን ሊትርና ኪሎ አይለይም፤ ዘይቱም ማሩም በጠርሙስ ይለካና «ኪሎ» ይባላል። ልጄም የሰፈሯ ልጅ ናት።

«ረዳቱን ተይው የኔ ልጅ። ውሃ ቢሆን ይሞላ ነበር። ማር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አንድ ሴንቲሜትር ኪዩቡ አንድ ነጥብ አራት ግራም ይመዝናል።»

«ዴንሲቲ ማለት ነው?»

«አዎ። በሜትር ኪዩብ ስንት ኪሎግራም ይሆናል?»

«በሺህ አካፍላለሁ?»

«ታዲያ አንድ ሜትር ኪዩብ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ማር ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም በይኛ።»

ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። በአንድ ሜትር ኪዩብ ውስጥ ሚሊዮን ሴንቲሜትር ኪዩብ እንዳለ፣ ግራሙ ግን ወደ ኪሎ ሲለወጥ ለሺህ እንደሚካፈል፣ ስለዚህ በሺህ ማባዛት እንደሆነ ነገርኳት። አንድ ሺህ አራት መቶ አለች። ከማር ወደ ዘይት፣ ከዘይት ወደ ብረት እየሄድን ስልኩ ጆሮዬን እስኪያቃጥል አወራን። ዝናቡን አላነሳሁም።

ወር ሳይሞላ እንደገና ማር ገዛሁ። ሻጯ «ጠርሙሱን ልሙላልህ?» ብትለኝ እምቢ አልኳት።

«ኪሎ ብቻ ይበቃል። ጎደል ይበል።»

ሰውየው ምን ነካው ሳትል አልቀረችም። የፈለግሁት ጠርሙሱ ጎድሎ ደርሶ እንድትደውልልኝ ነበር። ለረዳቱ ሰጥቼ ላክሁትና በማግስቱ ኔትወርክ ከማይጠፋበት ከመስኮቱ ሥር ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለምሳም አልወጣሁም።

ከሰዓት በኋላ አጭር መልእክት ገባ። «አባዬ፣ ማሩ ደርሷል። ጠርሙሱ ጎደሎ ነው፣ ግን አስልቼዋለሁ፤ ትክክል ነው። አመሰግናለሁ።»

አስተማሪ ነኝና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከፋኝ። ውጭ ዝናቡ ጀምሯል፤ የምነግራት ግን አልደወለችም።