በኤክስ የሚጀምረው ጦሳ

አባቴ ሶዶ ውስጥ አስተማሪ ነበር። ቤት ውስጥ በወላይትኛ ሲቀልድ ጎረቤት ሳይቀር ያስቃል፤ የትምህርት ቤቱን በር ካለፈ ግን አማርኛ ብቻ ነው። ልጅ ሆኖ እዚያው ግቢ ሲማር፣ ወላይትኛ ያመለጠው ተማሪ ጠጠር ላይ ይንበረከክ ነበር። ጉልበቱ ላይ ስላለው ጠባሳ ስንጠይቀው «ከፈረስ ወድቄ ነው» ይለናል። ፈረስ ኖሮን አያውቅም፤ እውነቱን የነገረችን እናቴ ናት።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ አንደኛ ክፍል በወላይትኛ ይማር ተባለና ክፍሉ ለአባቴ ተሰጠው። ደስታውን መደበቅ አቃተው፤ ፍርሃቱንም እንዲሁ። በዚያ ላይ መጽሐፉ የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ እኔን ተማሪ፣ እናቴን ታዛቢ አድርጎ ቤት ውስጥ መለማመድ ጀመረ።

አንድ ቀን «ጦሳ» የሚለው ቃል ላይ ደረሰ፤ እግዚአብሔር ማለት ነው። በአዲሱ አጻጻፍ የ«ጠ» ድምፅ የሚጻፈው በኤክስ ነው። አባቴ የእንግሊዝኛ መስሎት «ኤክሶሳ» ብሎ አነበበው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጌታን ምን አደረግከው?» ብላ እናቴ ሆዷን ይዛ ተንከተከተች።

እሱ አልሳቀም። «ኤክስ እኮ የስሕተት ምልክት ነው። ዕድሜ ልኬን በቀይ ስጽፈው ኖሬ፣ አሁን እንዴት ብዬ የፈጣሪን ስም በሱ ልጀምር?» አለና መጽሐፉን ከደነው። ኩርፊያው የቆየው የተቀቀለ ቦዬ እስኪቀርብ ነው። ሲያኮርፍ ከንፈሩን እንደ ሕፃን ይጥላል፤ ያን ጊዜ አብዝቼ እወደዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን መጣ። እኔም የዚያው ክፍል ተማሪ ስለነበርኩ ፊት ለፊት ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። ገባና የለመደው አፉ «ደህና አደራችሁ?» አለ። ብዙዎቹ ልጆች አማርኛ ስለማያውቁ እርስ በርስ ተያዩ።

አባቴ ከዚያ «ሳሮ አቂዴቲ?» አለ፤ በሰላም አደራችሁ ማለቱ ነው። ድምፁ ሹክሹክታ ነበር፤ ዓይኑም በሩ ላይ ቀርቷል። ሰው የመጣ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ማንም አልነበረም።

«ሳሮ!» ብሎ ክፍሉ በሙሉ ጮኸ።

አባቴ ደነገጠ። ከዚያ ጮክ ብሎ እንደገና ጠየቀን፤ አሁን በሩን ሳይሆን እኛን እያየ።